የጸዳው መደብ

ቅጠሉን ገለበጠው። ከሥሩ ምንም የለም። ሌላውን ገለበጠ፤ እዚያም ምንም የለም። ተማሪው በቲማቲም መስመሮቹ መካከል ተንበርክኮ፣ የሱሪው ጉልበት በጤዛ ርሶ፣ ከተክል ወደ ተክል ተንፏቀቀ።

ደስ ሊለው በተገባ ነበር። የታመመች እናቱን ሊጠይቅ ወደ ቤት ሲሄድ፣ እነዚህ ቅጠሎች ክሽክሽ በሚባል፣ የተክል ጭማቂ በሚመጥ ደቃቃ አረንጓዴ ተባይ ተለብጠው፣ ጫፋቸው እንደ ተጨበጠ መዳፍ ተኮማትሮ ነበር። ትናንት ሲመለስ መንገዱ አድክሞት መደቡን ሳያይ ነው የተኛው። አሁን ቅጠሉ ሁሉ ጸድቷል።

ከመጠን በላይ ጸድቷል።

ያስጨነቀውም ይኸው ነበር። ክሽክሹን የሚበሉት ባለ ነጠብጣብ ቀያይ ጥንዚዛዎች መጥተው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ጥቂቶቹ፣ ወይም እጮቻቸው፣ ግንዱ ላይ ሲሳቡ ይገኙ ነበር። ጉንዳኖቹስ የት ገቡ? በሁለት ቅርንጫፎች መካከል ያለው የሸረሪት ድር እንኳ እንዳለ ነው፤ ሸረሪቷ ግን የለችም። ሌባ በገባበት ቤት ዕቃ ይጠፋል። እዚህ ግን ሌባውም፣ ዘበኛውም፣ ጎረቤቱም አንድ ላይ ጠፍተዋል።

የሚማረው ዘላቂ የአትክልትና ፍራፍሬ አመራረት ነው። የመመረቂያ ሥራውም በአንዲት ጥያቄ ላይ የቆመ ነበር፦ ቲማቲም አንዳች መርዝ ሳይረጭበት፣ ዳር ዳሩን በተተከሉ አበቦችና አበቦቹ በሚጠሯቸው ነፍሳት ብቻ ተጠብቆ ለፍሬ ይበቃል ወይ? ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ ፈታኝ መጥተው መደቡን ያያሉ። ተረጭቶ ከሆነ የሚያዩት ውሸት ነው። ይህን ከተናገረ ደግሞ ሥራው ይሰረዛል፤ ዓመቱን ይደግማል። እናቱ ሲሰናበታት እጁን ይዛ «ዓይኔ ሳይከደን ጋውንህን ልየው» ብላው ነበር።

ከቦዩ ዳር ካለው አረም ላይ ጥንዚዛዎች ለቀመ። በአንድ የጃም ጠርሙስ ውስጥ ከራሱ መደብ የቀጠፈውን ቅጠል፣ በሌላው ውስጥ ከአጥሩ ጥግ ማንም ሳይዘራው ከበቀለ ቲማቲም የወሰደውን ቅጠል አስገባ። ጥንዚዛዎቹን አካፍሎ የጠርሙሶቹን አፍ በስስ ጨርቅ አሰረና የዶርሙ መስኮት ላይ አስቀመጣቸው።

አብሮት የሚኖረው ልጅ በሁሉ ነገር ስለሚገባ «ጠቅላይ» ይሉታል። መደቡም ከተማሪው መደብ ጎን ነው። ለማወዳደሪያ የተተከለ፣ እየተረጨ የሚያድግ ቲማቲም ነበረው። ተማሪው በሌለበት ሰሞን ውሃ ያጠጣለትም እሱ ነው። አሁን የጥርስ ብሩሹን ጉንጩ ውስጥ ሸጉጦ ጠርሙሶቹን ያያል።

«መደቤን ማን ነካው?» አለ ተማሪው።

«እንደምን አደርክ? እናትህ ተሻላቸው ወይ ልበልህ፣ ወይስ እጄን ወደ ላይ ላንሳ?»

«የጀርባ መርጫው ያለው አንተ ጋ ነው።»

«ቢላ ያለው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ነው?» ጠቅላይ አረፋውን ተፋ። «ስማኝ ጌታው፣ ጠላት ተክል ያደርቃል እንጂ ያለመልማል? ብጠላህ ውሃ እነፍግህ ነበር። ጠርጥር የሚለውን ተረት በጡጦ ነው የጠጣኸው መሰለኝ!»

ተማሪው አልሳቀም።

«ደግሞ እኔ የምረጨውን መድኃኒት ዶክተር ናት መጋዘን ከፍታ ለክታ የምትሰጠኝ። ቁልፉን ከፈለግህ እሷ አንገት ላይ ፈልገው» አለና ጠቅላይ፣ የተናገረውን ራሱ ገና አሁን የሰማው ይመስል፣ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ። «ቀልዴን ነው እኮ» አለ ቆይቶ።

ዶክተር የሚሏት አማካሪያቸውን ነው። ያለ መርዝ ማምረት ይቻላል እያለች ዕድሜዋን ስትከራከር የኖረች ሴት ናት። ባልደረቦቿ በስብሰባ ላይ «የጥንዚዛ እናት» እያሉ ሲስቁባት ተማሪው በጆሮው ሰምቷል። ይህ መደብ ካልተሳካ ለእሷም መጨረሻዋ እንደሆነ ያውቃል። ግን እሷ? ቅጠል ገልብጦ ማየትን ያስተማረችው እሷ አይደለችም? ጥርጣሬውን እንደ ነውር ቆጠረው። ቢሆንም አልለቀቀውም።

እኩለ ቀን ላይ ጠርሙሶቹን አነሳ። አጥር ጥግ የበቀለው ቅጠል ያለበት ውስጥ ጥንዚዛዎቹ ጨርቁን ሊያልፉ ይታገላሉ። በሌላው ውስጥ ሁሉም በጀርባቸው ተኝተዋል። አንዷ ብቻ እግሯን ታንቀጠቅጣለች።

አማካሪዋን ቢሮዋ ውስጥ ለእንግዳው ወንበር ስትወለውል አገኛት።

«ዶክተር፣ እኔ በሌለሁበት... መደቡ ላይ የተረጨ ነገር ይኖር ይሆን?»

መወልወሏን አላቋረጠችም። «ጥንዚዛዎቹ መጥተው ነበር። በዓይኔ አይቻቸዋለሁ።»

«ታዲያ የት ሄዱ?»

«ምግብ ሲያልቅ እንግዳ ይሄዳል።»

መልሱ ልክ ነበር። ፈተና ላይ ቢጽፈው ሙሉ ነጥብ ያገኝበታል። «ሸረሪቷስ?» ሊላት ፈለገ፤ ዓይነ አፋርነቱ ቃሉን መለሰበት። እሷም ጠጋ ብላ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ጣቶቿ ቀዝቃዛ ነበሩ። ፊቱን ግን አላየችውም።

ፈታኙ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሽማግሌ ነበሩ። በመስመሮቹ መካከል እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ተዘዋወሩ፤ ቅጠል ገለበጡ፤ «ይገርማል» አሉ። ጥቂት ሄዱና ደግመው «ይገርማል» አሉ። ተማሪው ንግግራቸው ውስጥ አድናቆት ይሁን ሌላ ነገር ሊለይ አልቻለም። ከዚያ አንድ የቀላ ቲማቲም ቀጠፉና በኮታቸው እጅጌ ይወለውሉት ጀመር።

ተማሪው፣ የረጨው ሰው ከዚህ አይቀምስም ብሎ፣ ወዲያው ጠቅላይን አየው።

«ለእኔም አንድ ይቀጠፍልኝ እንጂ! ጎረቤት ሆኜ አንድ ቀን ሳልቀምሰው ልመረቅ ነው?» አለ ጠቅላይ እየሳቀ፣ እጁንም ወደ ተክሉ ዘረጋ።

ተማሪው ዓይኑን ወደ አማካሪዋ አዞረ።

«ይታጠብ...» አለች። ድምፅዋ ቀጠነ። «አቧራ አለው።»

«ያለ መርዝ የበቀለ አይደል እንዴ?» ሽማግሌው ሳቁ። «አቧራ ሰው አይገድልም።»

እጇ ወደ ሽማግሌው ተዘረጋ፤ አየር ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ተመልሶ ነጭ ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ገባ። ከንፈሯ ገርጥቷል። ተማሪው የእናቱ እጅ በእጁ ላይ ሲከብደው ተሰማው። ዝም ቢል ሁሉም ነገር ያልቃል፤ ማንም አይጠይቅም። አንድ ጉርሻ ቲማቲም ማንንም አይገድል ይሆናል።

ቲማቲሙ ከሽማግሌው አፍ ሲደርስ፣ ታላላቆቹን ቀና ብሎ አይቶ የማያውቀው ልጅ ተወርውሮ የእጃቸውን አንጓ ያዘ።

«አይብሉት አባቴ።»

ጠቅላይ የቀጠፈውን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጠ። ሽማግሌው እጃቸውን ለማስለቀቅ አልታገሉም።

«ለምን?» አሉ።

የጠየቁት እሱን ነበር። ዓይናቸው ግን በትከሻው በኩል አልፎ፣ አማካሪዋ ላይ አርፎ ይጠብቅ ነበር።