ሦስት ሲባል

ቧንቧ ሠሪው ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዘመድ ሁሉ ዓይኑን ጨፍኗል። ታላቅ ወንድሙ በአዲስ ሱፉ ጨፍኗል። ታላቅ እህቱ በምረቃ ጋውኗ ጨፍናለች። ራሱ ቧንቧ ሠሪው በሠርጉ ቀን፣ ሚስቱ ከጎኑ ዓይኗን አፍጥጣ፣ እሱ ጭፍን ብሏል። ከሁሉም በላይ፣ ከሶፋው ራስጌ፣ በትልቁ ክፈፍ ውስጥ ያሉት ነፍሳቸውን ይማርና አባትየው ናቸው። እሳቸውም ጨፍነዋል። ከሌላ ፎቶ ላይ ተቆርጦ የወጣ ስለሆነ ከጎናቸው የእናትየው ትከሻ ቁራጭ ይታያል። አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር ቀና ብሎ ያይና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይሄ የተነሳው ካረፉ በኋላ ነው?» ይላል። «ኧረ በሕይወት እያሉ ነው፤ እንዲያውም የዚያን ቀን ደስ ብሏቸው ነበር» ብሎ ማስረዳት የቤቱ ሰው ሥራ ነው።

ሰፈሩ «ጨፋኞቹ» ይላቸዋል። እነሱም የዘር ነው ብለው ተቀብለውት ይኖራሉ። አንዱ ቤተሰብ መላጣነት ይወርሳል፣ አንዱ ስኳር ይወርሳል፣ እነዚህ ደግሞ መጨፈን ወረሱ፤ ምን ይደረግ? ፎቶ አንሺው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲል፣ ሦስት ላይ ሁሉም በአንድ ጊዜ ጥርቅም። ቀድሞም ዘግይቶም የሚጨፍን የለም። በሌላ ነገር እንዲህ ተስማምተው አያውቁም።

ታዲያ አንድ ቀን እናትየው ከዓይን ሐኪም ተመለሱና ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ ሶፋው ላይ ቁጭ አሉ። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታልና በቀዶ ሕክምና ይነሳ ተብሏል፤ ገና የጀመረው የግራው ተራውን ይጠብቃል። ቀጠሮው ለሚቀጥለው ወር ተቆርጧል።

«ሐኪሙ እንዴት ያለ ነው?» አለ ቧንቧ ሠሪው።

«ልጅ ነው።»

«ልጅ ቢሆን ምናለበት፤ ዋናው እጁ እንዳይንቀጠቀጥ ነው።»

«ይንቀጥቀጥ አይንቀጥቀጥ በምኔ አይቼ?» አሉ እናትየው።

ቀልዱ ቀልድ ነው፣ ግን ፈርተዋል። በዚህ ቤት እሳቸው ሲፈሩ ያየ ሰው የለም። ከዚያ ቀጠሉ።

«ስማኝ ልጄ። ሳልሄድ በፊት ዓይኔ የተከፈተበት አንድ ፎቶ እፈልጋለሁ። ቢጠፋ እንኳ ዓይን እንደነበረኝ የሚመሰክርልኝ ይኑር። እንደ አባትህ ተኝቼ ግድግዳ ላይ አልወጣም።»

«እኔ አነሳሻለሁ እማዬ» አለ ቧንቧ ሠሪው። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው ያሰበበት። እስከዚያ ቀን ድረስ በስልኩ አንስቶ የሚያውቀው የሚያፈስ ቧንቧ ብቻ ነበር፣ ያውም ለደንበኛ ለማሳየት።

የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ፎቶ አፍቃሪ ነው። ከሳል ሽሮፑ ጀርባ ካሜራ ደርድሯል ይባላል፤ ይባላል ብቻ ሳይሆን ደርድሯል። ቧንቧ ሠሪው የመታጠቢያውን ቧንቧ ሁሌ ስለሚያይለት አሮጌ ካሜራውን ሳያቅማማ አዋሰው። አዋዋሱ ግን እንደ መድኃኒት አሰጣጡ ነበር። «ልጆች በማይደርሱበት ቦታ አስቀምጥ» አለው። «ጠዋትና ማታ ተለማመድ። ካልተሻለህ ተመልሰህ ና።»

አልተሻለውም። ሚስቱን ሲያነሳ አገጯ ብቻ ወጣ፤ ድመቷን ሲያነሳ ጅራቷ ብቻ ቀረ፤ የጎረቤቱን ቤት ሲያነሳ ቤቱ ሊወድቅ የደረሰ መሰለ። ባለመድኃኒት ቤቱ ፎቶዎቹን መነጽሩን ከፍ ዝቅ እያደረገ መረመረ።

«እጅህ ይንቀጠቀጣል» ብሎ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ አዘዘለት። ማቆሚያው ቆመ፣ ቤቱም ቀጥ አለ፤ ድመቷ ግን አሁንም ሄዳለች። «እንግዲያው ቀርፋፋ ነህ» ብሎ ፈጣን ሌንስ ጨመረለት። ድመቷ ከፈጣኑ ሌንስም ፈጠነች። «ብርሃን አጥሮህ ነው» ብሎ በመጨረሻ ፍላሽ ከነነጭ ጃንጥላው አሸከመው።

ሚስትየው የሴቶች ፀጉር ቤት አላት። ወደ ማታ ከሥራ ስትመለስ ሳሎኗ መሃል የተዘረጋ ጃንጥላ ጠበቃት። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ዞር ዞር ብላ አየችው።

«አንተ ሰውዬ፣ ጣሪያው ሊያፈስ ነው?»

«የብርሃን ነው።»

«መስኮቱስ ምን አደረገህ?» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። የዚህች ሴት ክፋቷ ብዙ አለመናገሯ ነው።

ያም ሆነ ይህ ዕቃው ተሟላ ተብሎ እናትየው ተጠሩ። ፀጉራቸውን ምራታቸው ሠርታላቸዋለች፤ ጥሩ ቀሚሳቸውን ለብሰው ወንበር ላይ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ቧንቧ ሠሪው ካሜራውን ማቆሚያው ላይ አስሮ ቆጠረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጥርቅም። እናትየው ወዲያው ዓይናቸውን ገልጠው፣ «አለቀ?» አሉ። እሱ አንገቱን ደፍቶ የካሜራውን ጀርባ ያያል። ጨፍነዋል። ደግሞ ቆጠረ፤ ደግሞ ጨፈኑ፤ ደግሞ «አለቀ?» አሉ።

ባለመድኃኒት ቤቱ ዘዴ መከረው፤ ካሜራው አንዴ ሲጫኑት ፎቶ እያከታተለ እንደ ፈንዲሻ የሚንጣጣበት ነገር አለው። በዚያም ሞከረ። ካሜራው ተንጣጥቶ ጨርሶ ዝም እስኪል ድረስ እናትየው ጨፍነው ጠበቁት። ዝም ሲል ገለጡ። «አለቀ?»

በማግስቱ ሳይቆጥር ሳያውቁ ሊያነሳቸው ሞከረ። ሽንኩርት ሲከትፉ በበሩ ስንጥቅ አነጣጥሮ ሳለ የካሜራው ጢጥ የሚል ድምፅ አጋለጠው። እናትየው ቢላውን አስቀመጡ።

«ምን ሰረቅኩህና ነው ተደብቀህ የምታነሳኝ? ሰው እንደሰው ተቀምጦ፣ ተቆጥሮለት ነው የሚነሳ። ሽንኩርት እያስለቀሰኝ የተነሳሁትን ነው ለመታሰቢያ የምታኖርልኝ?»

«ሲቆጠር ትጨፍኛለሽ እኮ እማዬ።»

«እሱን አንተ ፈልግለት። ካሜራው ያንተ አይደል እንዴ?»

ቀጠሮው እየቀረበ ነው። ቧንቧ ሠሪው እንቅልፍ አጣ፤ ሰው ቤት ሄዶ ሙቅ ውሃውን ከቀዝቃዛው ጋር አገናኝቶ ሁለት ጊዜ ተመልሶ ፈታ። እናቱ በሕይወታቸው ከእሱ የለመኑት ነገር ይሄ ብቻ ነው፤ እሱን እንኳ ማድረግ አቃተው። ይሄ ሐሳብ ልቡን በላው።

ነገሩ የተፈታው በሚስቱ ፀጉር ቤት ነው። አንድ ቅዳሜ ልለማመድ ብሎ ካሜራውን ደረቱ ላይ አድርጎ የደንበኞቹን ትልቅ መስታወት ፎቶ አነሳ። ሚስትየው ፎቶውን ልታይ ጠጋ አለችና ሳቅ ያፈናት ጀመር። መስታወቱ ውስጥ እሷ አለች፣ ደንበኛዋ አለች፣ ከኋላ ደግሞ ካሜራውን ታቅፎ፣ ግንባሩን ቋጥሮ፣ ሁለቱንም ዓይኑን ጥርቅም ያደረገ አንድ ቧንቧ ሠሪ ቆሟል።

«አንተ!» አለች። «እያነሳህም ትጨፍናለህ?»

«እኔ?»

«አይ፣ ድመቷ!»

ፀጉር ማድረቂያው ስር የተደረደሩት ሴቶች ሁሉ ፎቶው በእጃቸው ዞረ። ሰውየው የሚገባበት አጣ። ለካስ ያን ሁሉ ጊዜ ያነሳው በጨለማ ነው። የድመቷ ጅራት፣ የሚስቱ አገጭ፣ ማቆሚያው፣ ፈጣኑ ሌንስ፣ ጃንጥላው፤ የዚህ ሁሉ ጥፋተኛ የዓይኑ ቆብ ነው። ለዚህ ደግሞ ባለመድኃኒት ቤቱ የሚያዝዘው ዕቃ የለውም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ልምምድ ተጀመረ። ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ፀጉር ቤቱ ይመጣና መስታወቱ ፊት ይቆማል፤ ይቆጥራል፤ ይጫናል። ሚስቱ ከጎን ሆና፣ «ጨፈንክ» ትለዋለች። «ጨፈንክ። ጨፈንክ። አሁን በአንዱ ብቻ ጨፈንክ፣ ተመስገን ነው።» አንዳንዴም ፀጉር ማድረቂያውን ፊቱ ላይ ትነፋበታለች፤ ለዓይኑ ማጠንከሪያ ነው ትላለች፣ እኔ ግን ለጃንጥላው የተመለሰ ብድር ይመስለኛል። ደንበኞቹም ለመዱት። ወንበሯን ወደ መስኮቱ ያዞረችና «በል እኔን አንሳ» የምትለው በዛች። ጃንጥላውም ማንም ሳያነሳው ቤት ጥግ ቆሞ ቀረ።

አንድ ቀን ሳይጨፍን ተጫነ። በነጋታውም ደገመው። እንዲህ ዓይኑን ገልጦ ማየት ሲጀምር ደግሞ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ። ሴቶቹ ሦስት ሲባል ትንፋሻቸውን ይዘው፣ አንገታቸውን አስግገው፣ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ሦስት ካለፈ በኋላ ነው ትከሻቸው የሚወርደው፣ ከንፈራቸው የሚላቀቀው፣ ዓይናቸው የራሳቸው የሚሆነው። እሱ በዚያች ሰዓት ሁልጊዜ አቀርቅሮ የካሜራውን ጀርባ ሲያይ ነው የኖረው። እናቱ «አለቀ?» የሚሉት በዚያች ሰዓት መሆኑ ትዝ አለውና እጁ ላይ የነበረውን ካሜራ ሊጥለው ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ፣ እናትየውን መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣቸው። ያንኑ ጥሩ ቀሚስ ለብሰዋል። እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቆላልፏል፤ ጣታቸው አያርፍም።

«ቁጠርልኝ እንጂ» አሉ።

«እሺ እማዬ። አንድ። ሁለት። ሦስት።»

ጨፈኑ። ቧንቧ ሠሪው ጣቱን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ አልተጫነም። የራሱ ዓይን ሊከደን ታገለው፤ እንባም አቀረረ፤ እሱ ግን እምቢ አለው። እናትየው ትንሽ ጠበቁ፣ ደግሞ ትንሽ ጠበቁ፣ ከዚያ ቅንድባቸው ወደ ላይ ወጣ፤ ሁለቱም ዓይናቸው ተገለጠ።

«አለቀ?»

ቀጭ።

«አዎ እማዬ» አለ ቧንቧ ሠሪው። «አሁን አለቀ።» ከዚያ ወደ ጓዳ ሄዶ ደህናውን ቧንቧ አጠበቀው።

የሐኪሙ እጅ አልተንቀጠቀጠም። እናትየው ጥጡ ከተነሳላቸው በኋላ ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት አቧራውን ነው። «በዚህ ቤት ሰው አይኖርም እንዴ?» አሉ። ቀጥሎ የልጃቸውን ሽበት አይተው ምራታቸውን ገላመጧት፣ እሷ የዘራችበት ይመስል። ሶፋቸው ላይ ከተደላደሉ በኋላ ቧንቧ ሠሪው ፎቶውን አሳጥቦ፣ በክፈፍ አድርጎ ሰጣቸው።

«ይህቺ አሮጊት ማናት?» አሉ። ከዚያ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ፊታቸው በመስኮቱ ብርሃን ደምቋል፤ አፋቸው ለመጠየቅ ተከፍቷል፤ ቀኙ ዓይን ጭጋግ አለበት፣ ግራው ግን ቁልጭ ብሎ ያያል። «ዓይን ነበረኝ ለካ» አሉ። «ቆንጆም ነው።»

«ከአባዬ ጎን እሰቅለዋለሁ» አለና መዶሻ ሊያመጣ ተነሳ።

እናትየው ዞር ብለው ወደ ባላቸው ፎቶ ቀና አሉ። በደህና ዓይን ካዩት ስንት ዘመን ሆኗቸዋል።

«ቆይ» አሉ። «አትስቀለው።»

«ምነው?»

«እሱ እኮ ጨፋኝ አልነበረም።»

ቧንቧ ሠሪው መዶሻውን ትቶ አጠገባቸው ተቀመጠ።

«ገና ሳንጋባ ነው። ፎቶ ቤት ወሰደኝ። ፍላሽ አይቼ አላውቅም፣ ሦስት ሲባል ቦግ ሲል ጨፈንኩ። ፎቶ አንሺው ተቆጣኝ፤ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባትህ፣ ‹እንደገና አንሳን› አለው። እኔ ፈርቼ አሁንም ጨፈንኩ። ፎቶው ሲታጠብ እሱም ጨፍኗል። ‹ምነው?› ብለው፣ ‹ብቻሽን እንዳትሆኚ ብዬ ነው› አለኝ። ከዚያ ወዲያ ዕድሜ ልኩን፣ ሦስት ሲባል ጨፍኖ ኖረ። ለብቻው ተነስቶ አያውቅም፤ ለዚህ አይደል ከእኔ ቆርጣችሁ ያወጣችሁት?»

«እኛስ? የዘር ነው ስንል አልነበር?»

«እናንተ እሱን እያያችሁ ነው። ልጅ ያየውን አይደል የሚያደርገው? እኔ ደግሞ ያን ቀን የተሳቀብኝን ለልጆቼ እንዴት ብዬ ልናገር፣ ያሳፍራል።» ቀሚሳቸውን አስተካከሉና ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «በል ካሜራህን አምጣ። እኔ ዓይኔን አፍጥጬ እሱ ብቻውን ጨፍኖ አይቀርም። ቁጠር።»

ቧንቧ ሠሪው ካሜራውን አመጣ። ማቆሚያውንም፣ ጃንጥላውንም አልፈለገም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለ፤ እናቱ ጨፈኑ፤ ያን ሁሉ ልምምድ ከንቱ አድርጎ እሱም አብሯቸው ጥርቅም አደረገ።

ፎቶው ተንጋዶ ወጣ። ግማሹ መጋረጃ ነው፤ እናትየው ጥግ ላይ ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። ባለመድኃኒት ቤቱ አይቶት ራሱን ያዘ፤ «ይሄንን ደግሞ አንተ አንስተኸው ነው?» አለ። የተሰቀለው ግን እሱ ነው፣ ከአባትየው ጎን፣ ትከሻው በተቆረጠበት በኩል። ዓይን የተገለጠበትን እናትየው ትራሳቸው አጠገብ አኑረውታል፤ ለሁለተኛው ቀጠሮ ለሐኪሙ ሊያሳዩት ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ እንግዳ መጣ። ሶፋው ላይ ሊቀመጥ ሲል ቀና ብሎ ሁለቱን ፎቶ አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቧንቧ ሠሪውን፣ «ሁለቱንም አጣሃቸው?» አለው።

«እኔ እንኳ አለሁ» አሉ እናትየው ከሶፋው ጥግ። «ብቻውን እንዳይሆን ብዬ ነው።»