ከአራዊት ማቆያው በር ላይ የሚቀረው ሰው

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እኛ ቤት ግን የወጋውም አልረሳም፤ መውጋቱን መች አወቀና ይረሳል።

እኔ የዳቦ ቤት ሾፌር ነኝ። ማለዳ ለየሱቁ ዳቦ አድላለሁ። እሁድ ሲሆን ደግሞ ባለቤቱን አስፈቅጄ፣ የዳቦ ሳጥኖቹን አውርጄ፣ አግዳሚ ወንበር አስገብቼ በዚያችው መኪና ቤተሰቤን አመላልሳለሁ። ልብሳችን ዱቄት ነካ እያሉ ያማርራሉ፤ ግን ይሳፈራሉ። ሠርግም ይሁን ምርቃት፣ አድርሶ የሚጠብቀው እኔ ነኝ። የኋላው በር ስለማይቆለፍ ሰው መቅረት አለበት፤ ሰው ማለት ደግሞ እኔ። በእህቴ የሠርግ አልበም ውስጥ መኪናዋ አለች፤ እኔ የለሁም።

አራዊት ማቆያው ይብሳል። የእህቴን ልጆች ስንቴ አድርሻቸዋለሁ፤ ከአጥሩ ውጪ ሆኜ አንበሳው ሲያገሳ እሰማለሁ እንጂ መልኩን አላውቀውም። ልጆቹ ሲመለሱ "አጎቴ፣ ጦጣዋ ባርኔጣ ቀማችን" ይሉኛል፤ እኔም እንደ ሩቅ አገር ወሬ አዳምጣለሁ።

አሁን ግን ቆረጥኩ። እናታችን ከሕመሟ አገገመችና "ልጆቹን ይዘን አራዊት ማቆያው እንሂድ" ስትል፣ ለማንም ትንፍሽ ሳልል መኪናዋን ቁልፍ ሠሪ ዘንድ ወሰድኳት። አሮጌውን መቆለፊያ ነቅሎ አዲስ ገጠመልኝ። በቃ፣ ጠባቂ ያስፈልጋል የሚል ሰው አይኖርም። እሁድ እንደ ሰው በበሩ እገባለሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ለመመካከር እህቴ ቤት ተሰበሰብን። እህቴ ታላቄ ናት። ባሏ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ እሱ ካለ ሽርሽርም ስብሰባ ነው።

"ፕሮግራሙ እንዲህ ነው" አለ መነጽሩን እየወለወለ። "ጠዋት ሳይሞቅ እንነሳለን። መጀመሪያ አንበሳ፣ ቀጥሎ ጦጣ፣ ከዚያ ምሳ።"

"አንበሳው ተኝቶ ቢሆንስ?" አለች እህቴ፣ ለነገ የሚቀቀለውን እንቁላል እያጠበች።

"ይቀሰቀሳላ።"

"ተማሪህ መሰለህ እንዴ?"

እናቴ ሶፋው ጥግ ላይ፣ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ ትስቃለች።

"ምግቡና ጃኬቱ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል" ቀጠለ ዳይሬክተሩ። "ሾፌራችን እንደተለመደው..."

"የኋላው በር ተሠርቷል" አልኩ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ወጣ። "ይቆለፋል። ጠባቂ አያስፈልገውም።"

"ጎሽ" አለ ዳይሬክተሩ። "እንግዲያው ከውስጥ ቆልፈህ ለጥ ብለህ ትተኛለህ።"

እህቴ ሳቀች። ክፋት የለባትም፤ የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው።

"አልተኛም። እገባለሁ።"

"የት?"

"አራዊት ማቆያው ውስጥ ነዋ፣ እትዬ። ሌላ የት ይገባል?"

"አንተ እኮ አራዊት አትወድም" አለች፣ ከልቧ ገርሟት። "እዚሁ ይሻለኛል ትል የለ?"

"ግባ ያለኝ ሰው ሳይኖር ምን ልበል?"

ልክ ልኳን ነገርኳት ብዬ ደስ ሊለኝ ሲል የእናቴን ፊት አየሁ። ሳቋ ጠፍቷል። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ትጎትታለች።

"ምነው እማዬ?"

"ምንም። እኔማ መኪናው ውስጥ ካንተ ጋር ልቀመጥ ነበር።"

"ሽርሽሩን ያመጣሽው አንቺ አይደለሽ እንዴ?" አለች እህቴ።

"ጉልበቴ እዚያ ውስጥ ያለውን ዳገት አይወጣም። ደግሞ እናንተን ሁልጊዜ አያችኋለሁ። እሱ ግን ዳቦውን በበሩ አቀብሎኝ፣ ፖሊስ እንደሚያባርረው ሰው ይበራል። መኪና ሲጠብቅ እንኳ አያመልጠኝም ብዬ ነበር።"

ሆዴ ባባ። ቂሜ ግን አልለቀቀኝም፤ ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ ተቻችለው መኖር ይችላሉ። "እሺ፣ እቀራለሁ" ብል ሁሉም ይቀላቸዋል፤ እናቴም ደስ ይላታል። ከዚያ ግን እስክሞት በር ላይ መቅረቴ ነው። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ዋጥኩት።

"አብረን እንገባለን" አልኳት። "ክንዴን ትይዣለሽ። ሲደክምሽ እንቀመጣለን፤ የማወራውንም እዚያው አወራሻለሁ። እትዬ፣ ውስጥ መቀመጫ አለ?"

"ከበሩ ገባ እንዳላችሁ፣ ዛፉ ሥር አለ" አለች እህቴ። ድምፏ ለስለስ ብሏል።

"እንዲያ ከተንቀራፈፋችሁ እኮ አንበሳው ጋ ምሳ ሰዓት ልትደርሱ ነው" አለ ዳይሬክተሩ።

"አንተ ከልጆቹ ጋር ፕሮግራምህን ፈጽም" አለችው እናቴ። "እኛ ያለ ፕሮግራም እንመጣለን።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተስ ልጄ፣ ምን ማየት ትፈልጋለህ?"

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ መልስ አላዘጋጀሁም። ያን ሁሉ ጊዜ መግባቱን እንጂ ገብቼ የማየውን አስቤው አላውቅም።

"ዝሆን" አልኩ።

"ዝሆን እኮ የላቸውም" አለ ዳይሬክተሩ። እህቴ በክርኗ ጎሸመችው።

"ታዲያ ምን ቸገረን" አለች እናቴ። "ገብተን አለመኖሩን ራሳችን እናያለን።"

እህቴ እጇን አደራርቃ ነገ ዛፉ ሥር ለእናቴ መቀመጫ የሚሆን ትራስ ፍለጋ ተነሳች። በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች።

"ላንተም ላምጣልህ?"

"አምጪ" አልኳት።