ለዳኦን ብቻ የቀረበው ሳህን

ካሮት በኮከብ ቅርጽ ተቆርጦ ያየሁት በሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ምራቴ ሄሪም አዲስ ሥራ ስትጀምር ልጇን ዳኦንን ለአንድ ወር እኔ ዘንድ ተወቻት፤ ከልብሷ ሻንጣ ጋር አንድ ፌስታል ሙሉ ካሮት አስረከበችኝ። ግማሹ ኮከብ፣ ግማሹ አበባ፣ አንዳንዱ ደግሞ የጥንቸል ጆሮ አለው። መቁረጫ ብረቱን ሳይቀር ነው የተወችልኝ።

«እማማ፣ ዳኦን አትክልት በዓይኗ ካልወደደችው አትቀምስም» አለችኝ።

«ታዲያ ልትበላው ነው ወይስ ልትጫወትበት?» አልኳት።

ልጄ ኪታክ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። እኔ ደግሞ ቀልዴን የሚንቅ ሰው አልወድም። እንግዲህ ስሙኝ፣ ያቺን ልጅ ሞት አፋፍ ያደረሳት የዚያን ዕለት የገባኝ እልህ ነው። ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ዳኦን ስድስት ዓመቷ ነው። ሩዟ ላይ አረንጓዴ ነገር ካየች በመብያ እንጨቷ፣ በቾፕስቲኳ እየለቀመች የሳህኑ ጠርዝ ላይ ትደረድረዋለች። እናቷ ፍዳዋን ነው ያየችው። ስፒናች ፈጭታ እንቁላል ውስጥ ደብቃለች፣ ዱባ ማር ቀብታለች፣ የተበላውንና የተተፋውን የምትጽፍበት ደብተር ሁሉ ነበራት። እኔ ግን በአንድ ሳምንት አስበላኋት። በምን? በጉርሻ። ቅጠል መዳፌ ላይ እዘረጋለሁ፣ ትንሽ ሩዝ አደርግበታለሁ፣ እጠቀልላለሁ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ፤ አፍሽን ክፈቺ» እላታለሁ። «አሁን ይሄ ጓሮ ያደገ ነው ተራራ ያደገ?»

«ተራራ!»

«ወይ ጉድ! ማን ነገረሽ?»

አንዱን በጨው ብቻ፣ አንዱን በአኩሪ አተር ድልህ፣ ሌላውን በሰሊጥ ዘይትና በኮምጣጤ አሻለሁ። ልጅ ቅጠል የሚጠላው ሁሉም አንድ ዓይነት ሲሠራ ነው። በአሥር ቀን ውስጥ ዓይኗን ጨፍና ሰባት ዓይነት ቅጠል ለየች። የእናቷን ኮከቦች ለዶሮ ሰጠሁ። ይህንንም አልደብቅም፣ ለዶሮ ነው የሰጠሁት።

ስልክ ደውዬ አፌን ሞልቼ ጎረርኩ።

«እማማ፣ ይባረኩ» አለች ምራቴ። «ግን እባክዎን የጓሮውን ብቻ ያብሉልኝ። የተራራውን ይተዉት፣ ትንሽ ልጅ ናት።»

«ባልሽን ያሳደገው እኮ የተራራው ነው!»

«አውቃለሁ፣ ግን…»

«ግን ምን? ሃምሳ ዓመት ስለቅም ማንን ገደልኩ?»

ዘጋሁባት። እንዲህ ብዬ መናገሬን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ሰውነቴ ይሸማቀቃል። ቅዳሜ ሊያዩዋት ሊመጡ ነበርና፣ ቆይ አሳይሻለሁ አልኩ በሆዴ።

ዓርብ ጠዋት ዳኦንን ለጎረቤት ትቼ ከኦክቡን ጋር ወደ ተራራው ወጣሁ። ኦክቡን የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አያማትም። የምንፈልገው የተራራ ነጭ ሽንኩርት ነው፤ ሰፊ ለስላሳ ቅጠል ያለው፣ ሲያሹት ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚል። የለመድነውን ቦታ ሌሎች ቀድመው ግጠውታል። ጥቂት ትልልቅ ቅጠል ለቀምን፣ በቃ። ለዳኦን የሚሆን ለጋ የለም። ባዶ እጄን ነው ምራቴን የምቀበላት? ከታች ወዳለው ረግረግ ወረድኩ።

እታች ፀሐይ አይገባም። ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅ ይላል፣ ወፍ እንኳ አይንጫጫም። ግን ቅጠሉ! ገና ከመሬት ብቅ ያለ፣ ለምለም፣ የማንም እጅ ያልነካው። ሰው ሁሉ ያን ያህል ቅጠል ለምን ጥሎት እንደሄደ አልጠየቅኩም። ጎንበስ ብዬ መልቀም ጀመርኩ።

«አንቺ ማልሱን!» ጮኸች ኦክቡን ከላይ። «እዚያ ለቅመን እናውቃለን?»

«ስላልለቀምን ነዋ የተረፈው!»

«እያሸተትሽ!»

«እያሸተትኩ ነው! አፍንጫዬንም ልትቆጣጠሪ ነው?»

አልዋሸሁም። እያንዳንዷን ቅጠል አፍንጫዬ ሥር አድርጌ ነው ከረጢት የከተትኩት፤ ሁሉም ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ለካ እውነተኛውን ስለቅም አርፍጄ ጣቶቼ በጠረኑ ርሰዋል። የማሸተው ቅጠሉን ሳይሆን የገዛ እጄን ነበር። ይሄ ለጀማሪ የሚነገር ነገር ነው፤ እኔም ስንቱን ጀማሪ መክሬበታለሁ። የዚያን ዕለት ግን ጠፋኝ።

ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ ደረሱ። ምራቴ ከኪያር የተሠራ ባቡር በዕቃ ይዛ መጣች፣ ጎማው የካሮት ነው። ለዳኦን ደግሞ መንገድ ላይ የዓሣ ጥብስ ገዝተውላት ኖሮ እዚያው በር ላይ በላችው። እኔ ለትልልቆቹ ትልልቁን ቅጠል አቀረብኩ። የረግረጉን ለጋ ለብቻ በፈላ ውሃ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ በድልህና በሰሊጥ ዘይት አሽቼ በትንሽ ሳህን ለዳኦን አደረግኩላት። የሚለሰልሰው ለሷ ይሁን ብዬ ነው። ጣቴን ስልስ የድልሁ ጣዕም ብቻ መጣልኝ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ!»

ጨፈነች። አጎረስኳት። ሁለቴ አኝካ ቆመች፣ ጉንጯ እንዳበጠ ዓይኗን ገለጠች፣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋች።

«አያቴ፣ ይመራል።»

«ምን አለችዎት?» አለች ምራቴ ከገበታው ማዶ።

«ጣፈጠኝ አለች» አልኩ። ከልጅቷ አፍ የወጣ እህል የማብስ መስዬ ጎንበስ አልኩና «ዋጪው የኔ ማር» አልኳት። «የተራራ ቅጠል ትንሽ ይመራል። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት፣ ጣፋጭ ነው በያት።»

ዳኦን ዓይኗ እንባ አቅርሮ ዋጠች። «ጣፋጭ ነው» አለች ለእናቷ።

አምስት ጊዜ አጎረስኳት። አምስት ጊዜ! በእያንዳንዱ ጉርሻ ትከሻዋ ሰብሰብ ሲል ይታየኝ ነበር፣ ግን የማየው ምራቴን ነው። የኪያሩ ባቡር ሳይነካ ቀረ። ምራቴ ፈገግ አለች፤ የክፋት አይደለም፣ ከልቧ ነው።

«እማማ፣ እኔ ዓመት ሙሉ ያቃተኝን ነው እኮ የሠሩት» አለች። «አሠራሩን ያስተምሩኛል?»

ያን ለመስማት ስንት ቀን ጓጉቼ ነበር። ስሰማው አላስደሰተኝም፤ ዓይኔን ከልጅቷ ላይ ማንሳት አቃተኝ።

ሳህኖቹን ሳናነሳ ዳኦን ሆዷን ያዘች። ከዚያ ማስመለስ ሆነ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሆዷ ውስጥ ምንም ሳይቀርም አላቆመም። ፊቷ ወረቀት መሰለ።

«የዓሣ ጥብሱ ነው!» አልኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ያልኩት። «የመንገድ ዓሣ ለልጅ ይገዛል?»

«እኔ ነኝ ግዛላት ያልኩት» አለች ምራቴ። ተጸጽታ ስታለቅስ እያየሁ ዝም አልኩ።

ኪታክ መኪናውን እንዴት እንደነዳው አላውቅም። ኋላ ወንበር ላይ ልጅቷ ጭኔ ላይ ተኝታለች። እጇ በረደ። ትንፋሿን ልሰማ ጆሮዬን አፏ ላይ አደረግኩ፤ ትተነፍሳለች፣ ግን በመሃል ያለው ዝምታ እየረዘመ ሄደ። «ዳኦን፣ የኔ ዓለም፣ አያትሽን እይኝ» እላለሁ፣ ዓይኗ ያያል፣ አይቆይም። ሆዴ ነግሮኛል። እኔ ነኝ አልሰማም ያልኩት።

ከተማው ሆስፒታል እንደደረስን ወስደው አልጋ ላይ አደረጓት። እኔን ኮሪደር ላይ ተዉኝ። ስልኬ ጮኸ፤ ኦክቡን ናት።

«የረግረጉን በላችሁት?»

«ምነው?»

«ከከረጢትሽ ወደ ከረጢቴ የገባ ሁለት ቅጠል አገኘሁ። እጄን በሳሙና ታጥቤ አሸተትኩት፤ ምንም አይሸትም! ደግሞ እንደ ቀሚስ ሽንሽን ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ እኮ እናቶቻችን ሽንት ቤት ለትል መግደያ የሚጨምሩት ነው! ጣዪው፣ በሞቴ ጣዪው!»

ዘጋሁት። ከቆምኩበት እስከ ክፍሉ በር አሥር እርምጃ አይሞላም። ሐኪሟ የተማረች ናት፣ ራሷ ትደርስበታለች አልኩ። ብናገር ልጄ በሬን አይረግጥም አልኩ። ይቺን ልጅ ሁለተኛ አያሳዩኝም አልኩ። ልጅቷ እየሞተች እኔ ይሄን አስባለሁ፤ የሰው ልጅ እንዲህ ነው ወይስ እኔ ብቻ ነኝ? እግሬ ግን ተራመደ፣ በሩ ላይ ቆምኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ፊቷ ላይ ጭንቀት ይታያል። «የልቧ ምት በጣም ቀንሷል፤ ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ» ትላለች። «የተራራ ቅጠል በልታለች?»

«በልታለች» አለች ምራቴ፣ «ግን ሁላችንም በልተናል፤ እኛ ደህና ነን።» ሳህኑ የተለየ መሆኑን የት አውቃ!

ሐኪሟ ወደ አልጋው ጎንበስ አለች። «ዳኦን፣ ትሰሚኛለሽ? ያ ቅጠል ይመር ነበር?»

ልጅቷ ዓይኗን በግድ ገለጠች። ክፍሉን ፈለገች፣ ፈለገች፣ በሩ ላይ እኔን አገኘችኝ። ከንፈሯ አመድ መስሏል።

«ጣፋጭ ነበር» አለች። «የአያቴ ጣፋጭ ነው።»

ምራቴ በረጅሙ ተነፈሰች። «ተመስገን፣ እንግዲያ እሱ አይደለም።» ሐኪሟም ቀና ብላ ስለ ዓሣው መጠየቅ ጀመረች።

«ይመር ነበር!» ብዬ ጮኽኩ። ሁሉም ዞሩ። «የሷ ሳህን ሌላ ነው። ከረግረግ የለቀምኩት መርዝ ነው፣ ለትል መግደያ የሚሆነው። ይመራል ብላኛለች። ዋጪ ያልኳት እኔ ነኝ፣ ዋሺ ያልኳትም እኔ ነኝ!»

ሐኪሟ አልቆየችም፤ የመድኃኒት ስም እየጠራች ሮጠች፣ ነርሶቹ ገፍተውኝ ገቡ። ኪታክ አየኝ። አልተሳደበም፣ ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። እናቱን ሳይሆን መንገድ የጠፋባት ሴትዮ የሚያይ ነበር የሚመስለው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የልጅቷ የልብ ምት ተስተካከለ። «ትተርፋለች» አለች ሐኪሟ። ምራቴ ከአልጋው አንድ ወገን ተቀምጣለች። እኔ በሩን ተደግፌ ቆሜያለሁ፣ ግቢ ያለኝ የለም። ዳኦን ዓይኗን ስትገልጥ በጣቷ ጠራችኝ። ሄድኩና እጇን ያዝኩ፤ ሞቋል።

«አያቴ» አለች፣ እናቷ እየሰማች። «እኔ አልነገርኳቸውም። ሐኪሟ ጠየቀችኝ፣ አልነገርኳትም። እንዳልሽኝ ጣፋጭ ነው አልኳት።»

ምራቴ ቀና ብላ አላየችኝም። የልጇን እጅ ከእጄ ውስጥ ቀስ ብላ አወጣች፣ እኔም ለቀቅኩት።