ያለ ማውዝ የተያዘ ቀጠሮ

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ዐይኑን ካጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። የተጻፈውን ነገር ሁሉ ስልኩ በድምፅ ያነብለታል። ጉልበቱ ካበጠ ሁለት ወር ሆነው፤ ግን «ቀጠሮዬን ራሴ ካልያዝኩ ሆስፒታል አልረግጥም» ብሎ ምሏል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የሚያናድደው፣ የሆስፒታሉ ድረ ገጽ የእኔው ሥራ መሆኑ ነው።

የሕክምና ክፍሎቹ ስም በሙሉ በምህጻረ ቃል ነው የተጻፈው። ስልኩ አንዱን ፊደል በፊደል ይቆጥራል፣ ሌላውን እንደ አንድ ቃል ገጣጥሞ ያነበንባል። ጋሼ የአጥንት ክፍሉ የትኛው እንደሆነ በምን ይወቅ?

ቢሮ ውስጥ እኔና አለቃዬ ሁለት ሳምንት ተከራከርን። ፊደል በፊደል የሚጠራውና እንደ ቃል የሚነበበው፣ በኮዱ ውስጥ የየራሳቸው ታግ፣ ማለትም የቃሉን ዓይነት የሚናገር ምልክት፣ ይሰጣቸው ወይስ ለሁሉም አንድ ይበቃል? ሰማንያ ሦስቱን ምህጻረ ቃላት በሁለት ዓምድ ጽፈን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። በመጨረሻ አንድ ይበቃል ያልኩት እኔ ረታሁ፤ ሁለተኛው ታግ ድሮ የተሻረ ስለሆነ አንዱ በቃ። በየታጉ ውስጥ ሙሉ ስሙን አስገባሁ፤ ማውዝ ሲያርፍበት ብቅ ይላል። እየተኩራራሁ ቤት ገባሁ።

«ጋሼ፣ አሁን ሞክረው።»

ሞከረ። ያው ፊደል ቆጠራ ነው።

«ሙሉ ስሙ የታለ?»

«ማውዙን ስታሳርፍበት...» ብዬ አፌን ያዝኩ።

«እታለም፣ እኔ ማውዝ አለኝ እንዴ?»

አፈርኩ፤ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ሙሉ ስሙን በግልጽ ጻፍኩ፣ ምህጻረ ቃሉን ከኋላው አስከተልኩ።

«ገጹን አስረዘምሽው፤ ውበቱ ጠፋ» አሉ አለቃዬ።

ቆሽቴ አረረ። የድሮውን ገጽ ከፍቼ ድምፅ ማንበቢያውን አስነሳሁና ስክሪኑን አጠፋሁባቸው። «እስቲ የአጥንት ክፍል ቀጠሮ ይያዙልኝ።» አራት ጊዜ ሞከሩ፤ አራቱንም ጊዜ ሌላ ክፍል ገቡ። ስክሪኑን አበሩና «አዲሱን ልቀቂው» አሉ።

ማታውን ጋሼ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈ። እጄ እንዳይነካበት ብብቴ ስር ሸጎጥኩት። «የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ክፍል» አለ ስልኩ፤ ጋሼ ነካው። ቀን መረጠ፣ ሰዓት መረጠ። «ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት፤ ቀጠሮዎ ተይዟል።»

ጮቤ ረገጥኩ። እሱ ግን ስልኩን አላስቀመጠም፤ ጣቱ ገና ገጹ ላይ ነበር።

«የጥርስ ክፍልም አለ» አለ። «ፈርተሽ ስትሸሺ ዓመት አለፈሽ። ያንቺንም ልያዝልሽ?»

የደስታ እንባዬን ሳልጠርግ «ያዝልኝ» አልኩት።