ወደ ታንኳው የምትመጣው ደሴት

ልጄ ዮአዳን ለትምህርት ቤት ስለ ፓሲፊክ የደሴት ሰዎች ታንኳ ስታጠና ቆይታ ግራ አጋባችኝ።

«አባዬ፣ ታንኳ መሪው ካርታም ኮምፓስም የለውም። ኮከብና ማዕበል ብቻ ያያል። በሐሳቡ ታንኳው ቆሟል፤ ወደ እሱ የምትመጣው ደሴቷ ናት።»

«ደሴት እግር አላት እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት። «እኔ ከሆሳዕና ተነስቼ በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ አድርጌ እዚህ የገባሁት የእግሬ ጥፍር እየረገፈ ነው! ወይስ ጆሃንስበርግ ናት ወደ እኔ የመጣችው?»

«የመንገድ አቆጣጠራቸው ነው፣ አባዬ» አለችና ደብተሯን ዘግታ ገባች።

በማግስቱ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው ኦሬንጅ ፋርም ሰፈር፣ ሱቄ ውስጥ፣ ከብረት ፍርግርጉ ኋላ ቆሜ ዳቦ ስሸጥ እህቴ ከሆሳዕና ፎቶ ላከችልኝ። «በራችን ላይ» ትላለች። የቱ በር? በሩ ላይ የነበረው ባሕር ዛፍ የለም፤ አስፋልት አልፎበታል። መሐል ላይ የቆሙትን ፀጉራቸው የነጣ ሴትዮ አይቼ «ማን ናቸው?» ብዬ ጻፍኩላት።

«ምን ሆነሃል? እማዬ ናት እኮ!»

በየእሁዱ በስልክ ድምጿን የምሰማው እናቴ። ፎቶውን ደጋግሜ አየሁት። ከዚህ ፍርግርግ ኋላ አሥራ አራት ዓመት ንቅንቅ አላልኩም። ታዲያ ሆሳዕና ወዴት እየሄደች ነው?