የኤልድን እንቁላል

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የኤልድን እንቁላል ግን ስድስት ዓመት ሙሉ በሰማይ ሲሄድ ኖሮ አንድም ቀን በደህና ወደ ምድር አልተመለሰም።

የምዕራብ ካንሳስ ሮኬት ሠሪዎች ሕግ አጭር ነው። ስንዴ ታጭዶ ባለቀ በመጀመሪያው ቅዳሜ፣ ማለዳ ነፋስ ሳይነሳ፣ ሁሉም ቤቱ የሠራውን ሮኬት ታቅፎ የገበሬው የሆሊስ ማሳ ላይ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ በሮኬቱ ጫፍ ውስጥ አንድ ጥሬ እንቁላል ያስቀምጣል። ደህና የተመለሰ እንቁላል እዚያው በሆሊስ የብረት መጥበሻ ተጠብሶ ለባለቤቱ ቁርስ ይሆናል። እንቁላሉ የተሰበረበት ሰው ሌሎቹ ሲበሉ ቆሞ ያይና መጥበሻውን ያጥባል።

ኤልድን ሠላሳ ዓመት የእህል ጎተራ ውስጥ ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ምላሱ ቢቦዝን እጁ የማይቦዝን ሰው ነው። ሮኬቱን ከካርቶን ጥቅል ይሠራል፤ ክንፎቹን ከስስ እንጨት ይቀርፃል። እውነቱን እንናገር ካልን ከእሱ ሮኬት የሚያምር የለም። ችግሩ አወራረዱ ላይ ነው። አንድ ዓመት ፓራሹቱ ሳይዘረጋ ቀረ። ሌላ ዓመት እሳት የማይበላውን ወረቀት ከሥሩ መጎዝጎዝ ረሳና ፓራሹቱ ቀልጦ ማስቲካ ሆነ። አምና ደግሞ ሁሉ ነገር ሰምሮለት፣ ቀስ ብሎ ወርዶ ወርዶ የሆሊስ መኪና ጣሪያ ላይ ካረፈ በኋላ ተንሸራትቶ መሬት ላይ ተከሰከሰ። ዘንድሮ ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ የገዛ እንቁላሉን መብላት።

«መጥበሻው ናፍቆሃል መሰለኝ» አለው ሆሊስ ገና ከመኪናው ሲወርድ።

«ዘንድሮ ራስህ እጠበው!»

ኤልድን የፓራሹቱ ላስቲክ በሙቀት እንዳይጣበቅ የሕፃን ፓውደር ነሰነሰበት፤ ወረቀቱን ሁለቴ ቆጥሮ ጎዘጎዘ። ሚስቱ ላቮን እንቁላሉን በስፖንጅ ጠቅልላ አቀበለችው። ገለባው እሳት እንዳይዝ ዙሪያውን በውኃ ካራሱ በኋላ ሁሉም በአንድ ድምፅ ከአምስት ወደ ታች ቆጠሩ። ሮኬቱ ፉጨቱን ለቆ ወጣ። ቀይዋ ፓራሹት ተዘረጋች፤ ሮኬቱም ከማሳው መሀል ገለባ ላይ ተኛ። ኤልድን ጉልበቱን እንደሚያመው ረስቶ ሮጠ። ጫፉን ከፈተው፤ እንቁላሉ አንድ ጭረት እንኳ የለውም።

«ተመለሰ! ተመለሰ!»

ቅቤው መጥበሻው ላይ ይንጫጫል። ኤልድን እንቁላሉን በጠርዙ መታው። ምንም አልፈሰሰም። ደግሞ መታው። ቅርፊቱ ተላጠና ነጭ፣ ድፍን፣ የበሰለ እንቁላል ቅቤው ውስጥ ተንከባለለ።

«አንተ ሰውዬ» አለ ሆሊስ፣ «ሰማይ ላይ ቀቀልከው እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ኤልድን ግን ፊቱ ቲማቲም መስሎ ወደ ላቮን ዞረ። ላቮን ጫማዋን ታያለች።

«እኔ ነኝ የቀቀልኩት። ዘንድሮም ቆመህ ስታያቸው ላይህ አልቻልኩም።»

«መጥበሻው ላይ እንደሚሰበር ጠፍቶሽ ነው?»

«በስድስት ዓመት ያንተ እንቁላል መቼ መጥበሻ ደርሶ ያውቃል!»

ሳቁ እንደገና ፈነዳ። ኤልድን አልሳቀም። «እና ይሰበራል ብለሽ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አዎ» አለች፤ ላቮን ውሸት አታውቅበትም። ይህች አንድ ቃል ካጠባቸው ስድስት መጥበሻዎች ይልቅ ከበደችው።

ሆሊስ ጉሮሮውን ጠረገ። «በሕጋችን ጥሬ ካልሆነ አልበረረም። ትርፍ ሞተር ካለህ ሞክር፤ ነፋሱ ግን እየመጣ ነው።»

አንድ ሞተር ነበረችው። ኤልድን ከሆሊስ ሳጥን አንድ እንቁላል አንስቶ ሰው ሁሉ እያየ ለላቮን ሰጣት። «በገዛ እጅሽ አስገቢው» አላት። እንቁላል ጠቅልላ የማታውቅ ይመስል ጊዜ ወሰደባት።

ሮኬቱ ወጣ፣ ፓራሹቱ ተዘረጋ፣ ነፋሱም ይዞት ሄደ። አጥር ተሻገረ፤ የጠጠሩን መንገድ በክንድ ያህል አልፎ የጎረቤት ማሽላ እርሻ ውስጥ ገባ። ባልና ሚስት እየተደናቀፉ ተከተሉት።

«ተሰብሮ ከሆነስ?» አለች ላቮን ማሽላውን እየገለጠች።

«መጥበሻ ማጠብ የለመደ እጅ አለኝ። ቢያንስ የራሴን ነው የምሰብረው።»

ፓራሹቷ ማሽላው አናት ላይ ተንጠልጥላ፣ ሮኬቱ መሬት ሳይነካ ይወዛወዝ ነበር። ኤልድን ጫፉን ከፈተ። ከዚያ እንቁላሉን ወደ ፀሐይ አነሳው። ምንም አልተሰነጠቀም ነበር።

መጥበሻው ዘንድ ሲደርሱ «በል ስበረው!» እያለ ሰው ሁሉ ጮኸ። ኤልድን ግን በሁለት መዳፉ ይዞት ቆመ። ስድስት ዓመት የተመኘውን ነገር መስበር አቃተው።

«አሳዘነኝ» አለ። «ስንት አገር ዞሮ መጥቶ።»

«አምጣው» ብላ ላቮን ተቀበለችው። በመጥበሻው ጠርዝ ጠቅ አደረገችው፤ አስኳሉ ሳይፈርስ ቅቤው ላይ ተዘረጋ። «ጥሬ ነው!» ብሎ ሰዉ ጮኸ፣ አጨበጨበ፤ ላቮን ግን መጥበሻውን እያየች ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ይቅርታ፣ ኤልዲ።»

«ጨው ጨምሪበት» አላት።

ጨመረች፤ እንባዋን እየጠረገች ስለነሰነሰች በዛባት። ኤልድን ሳህኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ ከቦት እያየው፣ እስከ መጨረሻዋ ቁራሽ ጠርጎ በላ።

«እንዴት ነው?» አለችው።

«እንዲህ ያለ እንቁላል በልቼ አላውቅም» አለ፤ አልዋሸም።