ጣት የሚያስገባ ክፍተት

አውሮፕላናችን ሁለት ወንበር አለው። «አውሮፕላናችን» የምለው እኔ ነኝ፤ ባለቤቴ «አውሮፕላኔ» ነው የሚለው። ጋራዥ ውስጥ በገዛ እጃችን ስንሠራው ዓመታት ፈጅቷል። እሱ ከውጭ የቆርቆሮ ማያያዣውን ሪቬት ሲመታ ከውስጥ ብረት ደግፌ የያዝኩት፣ ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት ያሸሁት፣ ሳሎኑን ለጅራቱ ለቅቄ እንግዳ ማድቤት ውስጥ ያስተናገድኩት እኔ ነኝ። የጠየቅኩት ዋጋ አንድ ነበር፤ ሲያልቅ ቀኙ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከእሱ ጋር መብረር። ይህን ከአፉ አውጥቶ ቃል የገባልኝ ራሱ ነው።

አለቀ፤ በረረም። እኔ ግን መሬት ላይ ቀረሁ። ምክንያቱ ሙቀት ነው አለኝ። ሞተሩ አንድ ሰው ይዞ ሲወጣ ደህና ነው፤ ሁለት ሲጫንበት ግን ይግላል፣ የሲሊንደሮቹን ሙቀት የምታሳየው መርፌ ቀዩ ላይ ትወጣለች። ቀኙ ወንበር ላይ የአሸዋ ጆንያ አስሮ ሞክሮታል። እንግዲህ ጆንያውም ከእኔ ቀድሞ በረረ ማለት ነው። እስኪስተካከል ታገሺኝ አለኝ፤ ታገስኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ምሳውን ቋጥሬለት አውሮፕላኑ የሚያድርበት ሃንጋር በር ላይ ቆሜ ሽቅብ አያለሁ። ጎረቤት «ካፒቴኑ ዛሬም ጥሎሽ ሄደ?» እያለ ሲቀልድ ጥርሴን አሳያለሁ።

ባለቤቴ የጥርስ ሐኪም ነው። የሞላው ጥርስ ላይ የፀጉር ክር የሚያስገባ ስንጥቅ የተወ ከመሰለው በሽተኛውን ቤቱ ድረስ ደውሎ የሚጠራ ሰው። ይህ ሰው ለሙቀቱ መላ አጣሁለት ሲለኝ አመንኩት።

አንድ ቀን እሱ ክሊኒክ እያለ ወደ ሃንጋሩ ሄድኩና የአውሮፕላን ሜዳውን ሽማግሌ መካኒክ እስቲ እየው ብዬ ለመንኩት። ጋሼ ሥራውን ጥሎ መጣና ኮፈኖውን ከፈተልኝ። ከፊት፣ ከውልብልቢቱ ግራና ቀኝ፣ አየር የሚገባባቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ። የገባው አየር በሲሊንደሮቹ መሃል ወደ ታች ማለፍ አለበት፤ የሚያቀዘቅዛቸው ያኔ ነው። በእኛው ላይ ግን በቀዳዳዎቹ ጠርዝና ሞተሩን በከበበው ቆርቆሮ መካከል ጣቴን የሚያስገባ ክፍተት አለ። አየሩ በዚያ ሾልኮ ምንም ሳይሠራ ይወጣል። ፈርሞ ገብቶ በጓሮ በር እንደሚጠፋ ሠራተኛ ነው አለኝ ጋሼ።

ራሴ ልድፈነው፣ ባሌንም ላስደስተው አልኩ። የምደፍንበት ማጣበቂያ፣ ሲሊኮኑ፣ ኮፈኖውን ከሞተሩ ጋር አጣብቆ እንዳያስቀረው፣ የኮፈኖውን ውስጥ በፕላስተር ሸፍኜ ሰም ቀባሁት። ከዚያ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ የጎማ ጥብጣብ በሲሊኮኑ ለጠፍኩ። ጫፉን ወደ ኋላ አጥፌው ኖሮ ጋሼ አይቶ ሳቀብኝ። ወደ ኋላ የታጠፈ ጎማ ንፋስ ሲመጣበት ይከፈታል፤ ወደ ንፋሱ የታጠፈውን ግን ንፋሱ ራሱ ገፍቶ ይዘጋዋል። ነቅዬ እንደገና ጀመርኩ። ጥፍሬ ተሰባበረ፣ ሲሊኮኑ ከእጄ አልለቅ አለ፤ እኔ እቴ፣ እያንጎራጎርኩ ነበር የምሠራው።

ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኖውን ከፍቼ አሳየሁት። ያቅፈኛል ብዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ማን ንኪ አለሽ?» አለኝ።

ጋሼ ከወዲያ ማዶ ሰምቶ፣ «ጎሽ አትላትም እንዴ? አምና ሳሳይህ ብትደፍነው ኖሮ ይኼኔ አብራችሁ ትበሩ ነበር» አለው።

እኔ ባሌን አየሁት፤ እሱ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ነገር እንዳበላሸ ገብቶት መፍቻውን አንስቶ ወጣ።

«ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

ጎማውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። «ሳምንቱን ሙሉ የሰው አፍ ውስጥ ነኝ» አለ። «ቤት ስገባ አንቺ አለሽ። ብቻዬን የምሆነው እዚያ ሰማይ ላይ ነው።»

ሌላ ሴት አለችኝ ቢለኝ ይሻለኝ ነበር፤ ሄጄ እጣላት ነበር። ከባዶ ወንበር ጋር ምን ብዬ እጣላለሁ? እንባዬ መጣ፤ እልኬ ቀደመው። ክንፉ ላይ ወጥቼ ቀኙ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ቀበቶዬን አሰርኩ። ቃልህን ፈጽም አልኩት።

ኮፈኖውን ዘግቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀና ገባ። ተነሳን። ከታች ጣሪያዎች ነበሩ፣ ወንዝም ነበር፤ አላየኋቸውም። ባሌን ነበር የማየው። እሱ ደግሞ እኔንም ሰማዩንም ትቶ መርፌዋን ያያል። አፍንጫውን ሽቅብ ቀና አድርጎ ያዘው፤ እንዲህ ሲወጣ ሞተሩ አብዝቶ እንደሚግል የነገረኝ ራሱ ነው። ቀዩን ብትነካለት «ይኸው፣ አልነገርኩሽም?» ብሎ ሊያወርደኝ ነው። መርፌዋ ትንሽ ከፍ አለችና አረንጓዴው መሃል ቆመች። ጠበቃት። እኔም አብሬው ጠበቅሁ፤ ለእሱ ስል እንኳ ትውጣለት እስክል ድረስ። አልወጣችም። ትከሻው ወረደ፤ አዙሮ ወደ ሜዳው መለሰኝ።